ቁጥሩ የሚነበብ ፖሊስ

እኛ ሰፈር ሰው ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው በአብዛኛው ለወረቀት ነው። መታወቂያ ይጠፋል፣ የባንክ ደብተር ይጠፋል። ምትክ ለማውጣት «የፖሊስ ማስረጃ አምጣ» ትባላለህ። ትሄዳለህ፣ ትሰለፋለህ። «የት ጠፋብህ?» ይሉሃል። የጠፋበትን ባውቅ መች እዚህ እመጣ ነበር ብለህ በሆድህ ታጉረመርማለህ። በአፍህ ግን «ታክሲ ውስጥ ይመስለኛል» ትላለህ። ማኅተም ይመታል፣ ትወጣለህ። የአብዛኞቻችን የፖሊስ ትውውቅ እዚህ ላይ ያልቃል።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአያት አልፎ፣ አዲስ አበባ ልታልቅ ለገጣፎ ልትጀምር ስትል ያለ ሰፈር። ወዲህ ያለው ፖሊስ የአዲስ አበባ ነው፣ ወዲያ ያለው የኦሮሚያ። ሰላም በሆነ ቀን ይህ የማንም ጉዳይ አይደለም። ታክሲው አንድ ነው፣ ጉሊቱ አንድ ነው፣ ለቅሶውም ሠርጉም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚገባህ ስልክህን የተነጠቅክ ዕለት ነው። እኔ የተነጠቅኩት ጣፎ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ነበር። አንዱ ገፋ አደረገኝ፣ ሌላው ላፍ አድርጎ ተፈተለከ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጣቢያ «ቦታው በእኛ ሥር አይደለም» አለኝ። ሁለተኛው «የምትኖረው እዚያ ከሆነ እዚያው አመልክት» አለኝ። ሁለቱም ትሁት ነበሩ፤ አንደኛው እንዲያውም ወንበር ስቦልኛል። ስልኩ ግን በወጣበት ቀረ።

ይህን የማነሳው ለማማረር አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ ለማማረርም ነው።) የብሎካችን ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። የጥበቃ መዋጮ በየቤቱ እያንኳኳሁ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ። «ፖሊስ አይደርስልንም፣ ራሳችንን እንጠብቅ። በየደረጃው ወጣቶች ይመደቡ፣ ዱላ ይያዙ፣ ማታ ማታ ይዙሩ፣ የማያውቁትን ሰው ያስቁሙ።» ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ተቃወምኩ። «ለምን?» ስባል በሁለት ደቂቃ ማስረዳት አቃተኝ። ስለዚህ እዚህ ተረጋግቼ ልጻፈው።

ፖሊስ ድሮም የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሥራዬ ብሎ ቀን ከሌት ወንጀል የሚከላከል ሰው የቅርብ ጊዜ ፍጥረት ነው። ከዚያ በፊት ጠባቂው ሕዝቡ ራሱ ነበር። እኛም ጋ እንደዚያው። ከብት ተሰረቀ፣ ጎተራ ተቃጠለ ሲባል አውጫጭኝ ይጠራል። የአገሩ ሰው ነቅሎ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪጠቆም መበተን የለም። እርሻ ይቆማል፣ ከብት ጠባቂ ያጣል፣ ሰው ይሰለቻል። በመጨረሻ አንድ ስም ይወጣል። ሌባ ሻይም ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣና እየተንገዳገደ በመንደሩ መሃል ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ ፍለጋ የሚዞሩበት ቁራኛም ነበር።

ስለ ድሮው መተሳሰብ ስናወራ ይህችን እንዘላታለን። አውጫጭኝ ላይ የሚወጣው ስም ሁልጊዜ የሌባው ነበር? ወይስ አንዳንዴ የእንግዳው፣ የድሃው፣ ዘመድ የሌለው ሰው?

የኢትዮጵያ ፖሊስ ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ያኔ አዲስ አበባን የሚጠብቁት አራዳ ዘበኛ ይባሉ ነበር። ዘመናዊ የምንለው ግን የመጣው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ነው። በ1934 የፖሊስ አዋጅ ወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 6። እንግሊዞች በማደራጀቱም በማሠልጠኑም ገቡበት። በ1930ዎቹ መጨረሻ አባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የምሰማው ከአራተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ነው። «ሃምሳ አለቃ» ነው የምንላቸው፤ የመዝገብ ስማቸውን የማያውቅ ብዙ ነው። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ገቡ፣ ደርግን አገለገሉ፣ በ1983 «በቃችሁ» ተባሉ። በእሳቸው ጊዜ የፖሊስ ማዕረግ የጦር ሠራዊት ማዕረግ ነበር፤ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል፣ ኮሎኔል። ኮንስታብል፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር የሚባለው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እሳቸው እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። «ኮማንደር የመርከብ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። «አባዶ ላይ ምን ባሕር አለ?»

የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ኮልፌ ነበር። ኮልፌ ያኔ የከተማ ዳር ናት፣ ልክ የኛ አባዶ ዛሬ እንዳለችው። በ1954 ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በድብቅ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚያው ነው። ተኩስ ተማሩ፣ ፈንጂ ተማሩ፣ ተራራ ለተራራ ተጓዙ። አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ቀናት የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ያዛቸው። «የኛ ፖሊስ አሠለጠነ፣ የነሱ ፖሊስ አሰረ» ይላሉ ሃምሳ አለቃ። እሳቸው ያኔ ገና ልጅ ነበሩ። የሚያወሩት ግን ማንዴላን በእጃቸው ያሠለጠኑ ይመስል ነው፣ እኔም አላርማቸውም።

ከእሳቸው ወሬ የሚገባኝ ነገር ግን አለ። እሳቸው የሚያውቁት ፖሊስ ካምፕ ውስጥ የሚኖር፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ ሲታዘዝ በካሚዮን ተጭኖ የሚመጣ፣ ሥራውን ጨርሶ ተጭኖ የሚመለስ ኃይል ነው። ሰፈሩን አያውቅም፤ ሰፈሩም አያውቀውም። ፈጥኖ ደራሽ፣ አለቀ።

ሌላ ዓይነትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሮበርት ፒል ለለንደን አዲስ ፖሊስ አቋቋመ። ከዚያ በፊት ከተማዋን ማታ ማታ የሚጠብቁት ፋኖስና በትር የያዙ ዘበኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች፣ መንደርተኛው የሚስቅባቸው። (የብሎካችንን ጥበቃ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።) ሕዝቡ ግን አዲሱን ፖሊስም አልወደደውም። ወታደር ደጃችን ላይ ሊቆም ነው ብሎ ፈራ። ስለዚህ ፒል ተጠነቀቀ። የእንግሊዝ ጦር ቀይ ስለሚለብስ ፖሊሱን ሰማያዊ አለበሰው። ጠመንጃ አልሰጠውም። አጭር የእንጨት ዱላ ሰጠው፣ ለእርዳታ መጥሪያ ደግሞ ሲያዞሩት የሚንጫጫ የእንጨት መሣሪያ። ኮሌታው ላይም ቁጥር አደረገበት። በየመንገዱ የተመደበበትን ሰፈር በእግሩ እንዲዞር አዘዘው። በደል ያየ ሰው ቁጥሩን አንብቦ ሄዶ መክሰስ ይችላል።

መላእክት ነበሩ ማለት አይደለም። ቁጥር 1 የተሰጠው የመጀመሪያው ኮንስታብል በተቀጠረ በአራት ሰዓት ውስጥ ሰክሮ ተገኝቶ ተባረረ። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ መስከሩ አይደለም። በአራት ሰዓት ውስጥ መባረሩ ነው። ቁጥር ስለነበረው ማን እንደሰከረ አላጠያየቀም።

ያው ፒል ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1814፣ አየርላንድ ውስጥ የታጠቀ ኃይል መሥርቶ ነበር። በኋላ የመጣው የአየርላንድ ፖሊስ ካምፕ የሚኖር፣ ጠመንጃ የያዘ፣ ከተወለደበት አካባቢ ርቆ የሚመደብ ነበር። እንግሊዞች ወደ ቅኝ ግዛቶቻቸው ይዘው የሄዱት በብዛት የዚህን መልክ ነው። ለራሳቸው ዋና ከተማ ባለቁጥሩን፣ ለሌላው ባለጠመንጃውን። እኛ ቅኝ አልተገዛንም። እኔ ሳየው ግን የሃምሳ አለቃ ፖሊስ ከለንደኑ ይልቅ ለአየርላንዱ ይቀርባል።

የደርግ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎችን ፈጠረ። ቀበሌው የራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረው። ብዙም ሳይቆይ የታጠቀ አብዮት ጥበቃ ተጨመረበት። ጥበቃው ከሰፈሩ የወጣ፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ ማታ ማታ የሚዞር፣ የማያውቀውን ሰው የሚያስቆም። ስብሰባው ላይ የተጨበጨበለት ሐሳብ ማለት ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ይህ ትውውቅ ምን ላይ እንደዋለ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃል። እናቴ ያኔ መርካቶ አካባቢ ትኖር ነበር። «ፖሊስ ሲመጣ በመኪና ነው፣ ትሰማዋለህ» ትላለች። «አብዮት ጥበቃው ግን ስኳር የምንበዳደረው ሰው ነው።»

የኛ ወጣቶች አብዮት ጥበቃ ናቸው እያልኩ አይደለም። አብሬያቸው ኳስ የማይ ልጆች ናቸው። ስብሰባው ላይም «የገዛ ልጆቻችንን ነው እንዴ የምትጠረጥረው?» ተብያለሁ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ከልጆቹ አንዱ ያለ ጥፋቱ ሰው ቢመታ ክሱ ለማን ነው የሚቀርበው? ለእናቱ? ፖሊስ ቢመታኝ ስም አለው፣ ማዕረግ አለው፣ አለቃ አለው፣ ሕግ አለበት። ብከስ ላላሸንፍ እችላለሁ፤ የምከሰው ግን አላጣም።

አሁን ከመኪና ስለተነቀለ አንድ ስፖኪዮ ልንገራችሁ። ያለፈው ክረምት ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊት «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እኛ ሰፈር ባለመኪና ሁሉ ስፖኪዮው ላይ የታርጋ ቁጥሩን አስቀርጿል። ያም ሆኖ ይነቀላል። አንድ ልጅ ነቅሎ ሲሮጥ ጥበቃው ጠልፎ ጣለው። ስወርድ ልጁ የደረጃው መግቢያ ላይ በጉልበቱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሞላው ነው። የአንድ እግሩ ሸራ ጫማ ሲሮጥ ወልቆ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ካልሲው ተረከዙ ጋ ተበስቷል። ስፖኪዮው ደረቱ ላይ ጃኬቱ ውስጥ ነው፣ እስካሁን አላወጣውም፤ ማንም አውጣ አላለውም።

ሰው ሁሉ ወርዷል። ጋቢ የደረበ፣ ፒጃማ የለበሰ፣ የስልክ መብራት የያዘ። አንዱ የመወልወያ እንጨት ይዟል። አንዱ ቀበቶውን ፈቶ እጁ ላይ ጠቅልሏል። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «እንዴት አደርክ የኔ ልጅ» የምትለኝ ሴትዮ «እጁን ስበሩት!» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ሁለት ሦስት ምት አርፎበታል።

ሃምሳ አለቃ ከአራተኛ ፎቅ የደረጃውን ብረት እየያዙ ወረዱ። ልጁን ማሩት አላሉም፣ ተግሣጽም አልሰጡም። ከጋቢያቸው ሥር ደብተር አወጡ። «ስምህ?» አሉት። ነገራቸው። «የአባትህ?» ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው ቀበቶ የያዘውን አዩት። «ያንተስ ስም?»

«የኔ ለምን?» አለ ሰውየው።

«መዝገብ ላይ የመታም የተመታም ይጻፋል።»

ቀበቶው ወደ ወገብ ተመለሰ።

አንዱ 991 እየደወለ ነበር። ሌላው ደግሞ የሳጅኗ ስልክ ስለነበረው በቀጥታ ደወለላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሠራተኛ ናት፤ ቀን ቀን በብሎኮቹ መሃል ስትዞር ሁላችንም እናውቃታለን። ከአንድ ባልደረባዋ ጋር በእግሯ መጣች፣ ቦቲዋ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ። ልጁን በባትሪ አየችው። ከንፈሩ ደምቷል። ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማን መታው?» የሚል ነበር።

እንደዚያ ያለ ጸጥታ በብሎካችን ሰምቼ አላውቅም።

«እሺ፣ የንብረቱ ባለቤት ማነው? ምስክር የሚሆነኝስ?»

ይኼኔ ሰው አንድ በአንድ መበተን ጀመረ። «ጠዋት ሥራ አለኝ»፣ «እኔ ላይ ነበርኩ፣ አላየሁም»፣ «ልጅ ብቻውን ተኝቷል»። ባለመኪናው ራሱ «ስፖኪዮዬን አግኝቻለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለው» ብሎ ወደ ደረጃው አመራ። እጅ ለመስበር ሃያ ሰው ነበርን። ለመመስከር ሃምሳ አለቃና እኔ ቀረን። ባለመኪናውን ጠዋት ሚስቱ ገፍታ አመጣችው፣ እግዜር ይስጣት።

ቃል መስጠት ጊዜ ይወስዳል። ትናገራለህ፣ መርማሪው በእጁ ይጽፋል፣ ያነብልሃል፣ «እንዲህ አላልኩም» ትላለህ፣ ይሰርዛል፣ ትፈርማለህ። አሰልቺ ነው። ግን ያቺ አሰልቺ ወረቀት ናት አንድን ሰው ከአውጫጭኝ የምታድነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ዜጋ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ይዞ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ማለት ነው፣ ይዞ እንዲገርፍ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር። ዋስትናም መብት ነው ይላል። ይህ 48 ሰዓት ሲጣስ ያየ፣ «14 ቀን ቀጠሮ» በላይ በላዩ ሲጨመር ያየ ሰው መሳቁ አይቀርም። ይሳቅ። ሕጉ ባይኖር ግን የሚጣስ ነገርም አይኖርም ነበር።

ልጁ በዋስ ወጣ። ሰንበትበት ብሎ ታክሲ ተራው ጋ ቆሞ ታየ። ሰፈሩ ተንጫጫ። «አላልኩህም? ፖሊስ ይዞ ይለቃል!» ፖሊስ አይደለም የለቀቀው። ፖሊስ ይይዛል፣ ይመረምራል። ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። ዳኛ ይወስናል። ይህ ሁሉ አንድ እጅ ላይ ሲጠቀለል ምን እንደሚመስል አይተነዋል። ማዕከላዊ የሚባለው የፖሊስ ምርመራና ማሰሪያ ቤት በ2010 እስኪዘጋ ድረስ ፒያሳ አካባቢ ያልፍ የነበረ ሰው አጥሩን ላለማየት አንገቱን ያዞር ነበር።

«ፖሊስ አይደርስም» የሚለው ቅሬታ ግን እውነት አለው። ደውሎ ፖሊስ መጥራትም ራሱ ታሪክ አለው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። ጎረቤት እሳት አደጋ ለመጥራት ስልክ ይዞ ወረፋ ላይ ነበር። በዚህ ሰበብ በ1937 በ999 የአደጋ ጊዜ ጥሪ ተጀመረ። አሜሪካኖቹ 911ን የጀመሩት በ1968 ነው። መኪና፣ ሬዲዮና ስልክ ሲገናኙ ፖሊስ በእግሩ መዞሩን እየተወ መኪናው ውስጥ ገባ። ጥሪ ይጠብቃል፣ ይሮጣል፣ ይመለሳል። ዘመናዊነት ይህ ነው ተባለ።

ከዚያ ካንሳስ ሲቲ ላይ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 አንዳንድ ሰፈሮች ላይ የፖሊስ መኪና ዝም ብሎ መዞሩን አቆመ፣ ሲጠራ ብቻ ይመጣል። ሌሎቹ ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ ጨመሩ። የተቀሩትን እንደነበሩ ተዉአቸው። ወንጀሉ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሕዝቡም መኪናው መብዛቱንም መጥፋቱንም ልብ አላለም። ኋላ ኒውዋርክ በሚባል ከተማ በእግር የሚዞር ፖሊስ ሲሞከር ወንጀሉ ያን ያህል አልቀነሰም፣ ሰው ግን ፍርሃቱ ቀነሰለት። ጃፓኖች ይህ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። በየሰፈሩ ኮባን የሚሏት ትንሽ የፖሊስ ቤት አለቻቸው። ፖሊሱ አድራሻ ያሳያል፣ የጠፋ ዕቃ ይቀበላል፣ በየቤቱ እየሄደ ነዋሪውን ይተዋወቃል። ሲንጋፖርም እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ወስዳለች።

የኛዋ ሳጅን የኮባን ዓይነት ፖሊስ ነበረች። የትኛው ብሎክ ሥር አረቄ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት ደመወዝ በወጣ ማግስት እንደሚጣሉ ታውቃለች። መኪና የላትም። ሃምሳ አለቃ እንኳ «ይህች ፖሊስ ናት» ብለዋል። ይህ ከእሳቸው አፍ ቀላል ምስክርነት አይደለም።

ከዚያ ቀየሯት።

ለምን እንደሚቀይሩ ይገባኛል። ፖሊስ አንድ ቦታ ሲከርም ከአረቄ ሻጩ ጋርም ይላመዳል። «የሻይ» የሚባለው ነገር የሚጀመረው በትውውቅ ነው። በእኔ በኩል ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። የማያውቀኝ ፖሊስ አያድነኝም፣ አብዝቶ የሚያውቀኝ ደግሞ ሊበላኝ ይችላል። ቢሆንም አንድ ሰው ቀይረው ሲያመጡ ቢያንስ የቀደመው አዲሱን ይዞ ብሎኮቹን ቢያዞረው ምን ይጎዳል? አዲሱ ኮንስታብል ገና ወጣት ነው። ሲመጣ ብሎክ ቁጥር ከእኛ ነው የጠየቀው። አዲስ አበቤ «በስም የምታውቀውን አንድ ፖሊስ ጥራ» ቢባል ብዙው በሬዲዮ የትራፊክ አደጋ ሲዘግብ የሰማውን አሰፋ መዝገቡን ነው የሚጠራው። በድምፅ ያውቀዋል፣ ያምነዋል። የገዛ ወረዳውን ፖሊስ ግን አይጠራም።

አሁን ካሜራ መጥቷል። ኮሪደር ልማቱ ያለፈበት መንገድ ሁሉ መብራቱም ካሜራውም አምሮበታል፣ ማየት ደስ ይላል። እኛ ጋ ከደረሰ የመብራቱን ነገር አልጠላም፤ ከካሜራው በፊት መብራቱ ይምጣልን። ካሜራ ስፖኪዮ የነቀለውን ሊያሳይ ይችላል። «ማን መታው?» ብሎ ግን አይጠይቅም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ያስገባሁትን ሐሳብ ልንገራችሁ። ዱላውን እንተወው። ለዱላ የሚወጣውን ገንዘብ ለጥበቃችን የዝናብ ልብስ፣ ጥሩ ባትሪ፣ ከተረፈም የደመወዝ ጭማሪ እናድርገው። አዲሱ ኮንስታብል ስሙ፣ ማዕረጉና ስልኩ በየደረጃው መግቢያ ይለጠፍ፤ ሲቀየርም ወረቀቱ ይቀየር። ከዱላ ተራ ይልቅ የምስክር ተራ ይውጣ። በየወሩ ሁለት ሁለት ቤት ይመደብ። ሌባ የተያዘ ዕለት ተራው የደረሰው ሰው ወርዶ አይቶ፣ ማንም እጁን እንዳያነሳ ጠብቆ፣ ጠዋት ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይሰጣል። ሊቀመንበራችን ሲሰሙ ሳቁ። «ዱላ ያዝ ብትለው ይወርዳል፣ መስክር ብትለው ቤቱን ቆልፎ ይተኛል» አሉኝ። ሃምሳ አለቃ ግን የመጀመሪያው ተራ ላይ ፈርመዋል። ሁለተኛው ቦታ ክፍት ነው።

ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። የጥበቃ መዋጮ ያልከፈላችሁ የሁለተኛ ፎቅ ሰዎች፣ ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ በዚያው ይዛችሁ ኑ። ደረሰኝ እቆርጣለሁ።